ኪሮሽ ይዞ ለማያውቅ ሰው፦ በአንድ ጥቅል ክር ትንሽ ዓሣ ነባሪ መሥራት

የመጀመሪያው ዓሣ ነባሪዬ ድንች ሆኖ ቀረ። የእህቴ ልጅ ተቀብሎ አገላብጦ አየውና «አክስቴ፣ ድንቹ ለምን ዓይን አለው?» አለኝ። ጥፋቱ የክሩም የኪሮሹም አልነበረም። ቡናው እየፈላ፣ ወሬው እየሞቀ ሳልቆጥር ስሠራ፣ 36 ጥልፍ መሆን የነበረበት ዙር 41 ደርሶ ኖሯል። አንድ ጎኑ አብጦ ሌላው ሰረጎደ። ከዚያ ወዲህ ለጀማሪ ሳሳይ አጥብቄ የምናገረው አንድ ነገር ብቻ ነው። እጃችሁ ቢደነቃቀፍ፣ አንዱ ጥልፍ ጠብቆ ሌላው ቢላላ ግድ የለም፤ የየዙሩ ቁጥር ግን ልክ ይሁን።

ዓሣ ነባሪን የመረጥኩት ለጀማሪ ስለሚቀል ነው። ኦክቶፐስ ስምንት እግር ይፈልጋል፤ ሰባተኛው ላይ ሰው ይሰለቻል። የባሕር ኤሊ ደግሞ የጀርባው ድንጋይ ለብቻ፣ ሆዱ ለብቻ ይሠራል። ዓሣ ነባሪ ግን አንድ ሙሉ ገላና አራት ትንንሽ ቁራጮች ናቸው። ባሕር አይቶ የማያውቅ ልጅ እንኳ በነነዌ ጾም ሰሞን የዮናስን ታሪክ ስለሚሰማ፣ ይህ ምንድን ነው ብሎ አይጠይቅም። (ድንች ካልሠራችሁ በቀር።)

እንዲህ በኪሮሽ ተሠርቶ የሚሞላ አሻንጉሊት በጃፓንኛ «አሚጉሩሚ» ይባላል። «አሚ» ክርን በሹራብ መርፌ ወይም በኪሮሽ መሥራት ሲሆን «ኑይጉሩሚ» ደግሞ የተሞላ አሻንጉሊት ማለት ነው። ቃሉን ያዙት፤ ቪዲዮ ስትፈልጉ የሚያደርሳችሁ እሱ ነው።

ከመጀመራችሁ በፊት የምትይዙት

ክሩ መካከለኛ ውፍረት ያለው የሹራብ ክር ይሁን። ለዳንቴል የሚሆነው ቀጭን ክር ያምራል፣ ለመጀመሪያ ሥራ ግን ዓይን ያደክማል። አሜሪካ ያላችሁ የጥቅሉ ወረቀት ላይ የ4 ቁጥር ምልክት ያለበትን ውሰዱ። አክሪሊክ ትንሽ ስለሚለጠጥ የጀማሪን ስሕተት ይሸፍናል፤ ጥጥ ጥልፉን ጥርት አድርጎ ያሳያል፣ ግን እጅ ላይ ደረቅ ይላል። እኔ ለመጀመሪያው አክሪሊክ እመርጣለሁ። ቀለሙ ፈዘዝ ያለ ሰማያዊ ወይም ግራጫ ይሁን። ጥቁርና ጠቆር ያለ ሰማያዊ አትግዙ፤ ማታ በመብራት ጥልፉ የት እንዳለ አይታይም። ጠጉራም ክርም እንዲሁ ነው፤ ሲነኩት ደስ ይላል፣ ሲቆጥሩት ያስለቅሳል። 50 ግራም ጥቅል ከበቂ በላይ ነው፣ ይተርፋል።

ኪሮሹ 3.5 ሚሊ ሜትር ይሁን፤ ቁጥሩ እጀታው ላይ ተቀርጿል። የክሩ ወረቀት 5 ሚሊ ሜትር ተጠቀሙ ቢል አትስሙት። ያ ለሹራብና ለሻርፕ ነው። ለአሻንጉሊት ሆን ብለን አነስ ያለ ኪሮሽ የምንይዘው ጥልፉ ጠብቆ የውስጡ ሙሊት እንዳይታይ ነው።

ለመሙያ የትራስ ፋይበር ይሻላል። አዲስ መግዛት የለባችሁም፤ ያረጀ ትራስ ከፍታችሁ ንጹሑን ማውጣት ትችላላችሁ። ጥጥ ቤት ውስጥ አለ ብላችሁ አትሞክሩ አልልም፣ ግን ሲታጠብ ይቋጠራል፣ ቶሎም አይደርቅም። የጨርቅ ቁርጥራጭ ደግሞ ከውጭ እብጠት እብጠት ሆኖ ይታያል።

ሌላው ቀላል ነው፦ ዓይኗ ሰፊ የሆነ ወፍራም መርፌ፣ መቀስ፣ ጥቂት ጥቁርና ነጭ ክር፣ ጥቂት ስፒል፣ ለምልክት የሚሆን መርፌ ቁልፍ ወይም ሌላ ቀለም ያለው ቁራጭ ክር።

ሸምቀቆው

ሁሉም ነገር የሚጀምረው ከአፍንጫው ነው፤ አፍንጫው ደግሞ ስትጎትቱት የሚጠብቅ ቀለበት፣ ማለትም ሸምቀቆ ነው። ለጀማሪ ከሥራው ሁሉ ከባዱ ይህ ነው። አምስት ጊዜ ቢበላሽባችሁ ሰው ሁሉ የሚያልፍበት ነው።

ከክሩ ጫፍ አንድ ስንዝር ያህል አስቀሩ፤ ይህን ጅራት እንበለው። ክሩን በግራ እጃችሁ አመልካችና መሐል ጣት ላይ አንድ ጊዜ አዙሩት፤ ጣታችሁ ላይ ሁለቱ ክሮች ተሻግረው የመስቀል ቅርጽ ይሥሩ። ጅራቱን በአውራ ጣት ያዙ። ኪሮሹን ከመጀመሪያው ክር ሥር አሳልፋችሁ ሁለተኛውን ጥለፉና በመጀመሪያው ሥር ጎትታችሁ አውጡ። ኪሮሹ ላይ ልል ያለ ቀለበት ተቀመጠ ማለት ነው። አሁን ከጥቅሉ የሚመጣውን ክር ጠልፋችሁ በዚያ ቀለበት ውስጥ አውጡት። ይህ ሰንሰለት ይባላል፤ ሥራውን ይይዛል እንጂ ከጥልፍ አይቆጠርም። ከጣታችሁ ቀስ አድርጋችሁ አውልቁት።

ቀጥሎ ነጠላ ጥልፍ ነው፤ ከዚህ በኋላ የምትሠሩት ሁሉ እሱ ብቻ ነው። ኪሮሹን በትልቁ ቀለበት ውስጥ አስገቡ፤ ጅራቱም ከቀለበቱ ጋር አብሮ ከሥር ይግባ። ክር ጥለፉና አውጡ፤ ኪሮሹ ላይ ሁለት ቀለበት አለ። እንደገና ክር ጥለፉና በሁለቱም ውስጥ በአንድ ጊዜ አውጡት። አንድ ቀረ፤ አንድ ጥልፍ ሆነ። ይህን ስድስት ጊዜ ድገሙና ጅራቱን ሳብ አድርጉ። መሐሉ ይዘጋል፣ ስድስቱ ጥልፎች ክብ ሠርተው ይሰበሰባሉ። ጅራቱን ስትስቡ ካልጠበቀ ጅራቱን ትታችሁ ቀለበቱን ብቻ ይዛችሁ ሠርታችኋል፤ ተርትሩትና ድገሙ።

እምቢ ያለው ሰው መውጫ አለው። ሁለት ሰንሰለት ሥሩና በመጀመሪያው ሰንሰለት ውስጥ ስድስት ጥልፍ አስገቡ። መሐሉ ላይ ስንጥር የምታህል ቀዳዳ ትቀራለች፤ በኋላ በመርፌ ትዘጋላችሁ።

የእንግሊዝኛ መመሪያ የምታነቡ አንድ ወጥመድ ተጠንቀቁ። አሜሪካኖች «ሲንግል ክሮሼ» የሚሉትን ይህንኑ ነጠላ ጥልፍ እንግሊዞች «ደብል ክሮሼ» ይሉታል። መመሪያው የየትኛው አገር እንደሆነ ሳታዩ ከጀመራችሁ ዓሣ ነባሪው ሁለት እጥፍ ይረዝምና ወንፊት ይመስላል።

ዙሩ እንደ መሶብ ነው

መሶብ የምትሰፋ ሴት አይታችሁ ከሆነ ነገሩ ግማሹ ገብቷችኋል። መሶብ ከመሐል ትንሽ ጥምዝ ተጀምሮ፣ ሳይቋረጥ እየዞረ፣ እያንዳንዱ ዙር በፊተኛው ላይ እየተሰፋ ይሰፋል። የእኛም ሥራ ያው ጥምዝምዝ ነው። ዙሩ ሲያልቅ አይዘጋም፣ አይገለበጥም፤ በቀጥታ ወደሚቀጥለው ዙር መጀመሪያ ጥልፍ ትገባላችሁ። ሰፊዋ ወስፌዋን የምትሰድበትን ቦታ በዓይኗ ለክታ ታውቀዋለች፤ እኛ ጀማሪዎች ምልክት እናስቀምጣለን። የእያንዳንዱን ዙር የመጀመሪያ ጥልፍ እንደሠራችሁ መርፌ ቁልፉን እሱ ላይ ሰኩ። ዞራችሁ እዚያ ስትደርሱ ዙሩ አልቋል። ንቀሉት፣ ጥልፉን ሥሩ፣ በአዲሱ ላይ ሰኩ።

ኪሮሹ የት ይገባል? ከላይ ወደ ታች ስታዩት ጠርዙ ሹሩባ ይመስላል። እያንዳንዱ የሹሩባ ጉንጉን ሁለት ክር ያላት አንድ ጥልፍ ናት፤ ኪሮሹ በሁለቱም ክሮች ሥር ይገባል። ብዙ ጀማሪ ሳያውቅ አንዱን ክር ብቻ ይይዛል፤ ያኔ ከውጭ ሰንበር የመሰለ መስመር ይወጣል።

ቁጥር ለመፈተሽ የሹሩባውን ጉንጉኖች ቁጠሩ፤ ኪሮሹ ላይ ያለውን ቀለበት አትቁጠሩ። «ጭማሪ» ያልኩት በአንድ ጥልፍ ውስጥ ሁለት ጥልፍ ማስገባት ነው። ከሰረዙ በኋላ ያለው ቁጥር ዙሩ ሲያልቅ ሊኖራችሁ የሚገባው ነው።

1ኛ ዙር፦ ሸምቀቆው ውስጥ 6 ጥልፍ — 6
2ኛ ዙር፦ በሁሉም ላይ ጭማሪ — 12
3ኛ ዙር፦ 1 ጥልፍ፣ ጭማሪ፤ ስድስት ጊዜ — 18
4ኛ ዙር፦ 2 ጥልፍ፣ ጭማሪ፤ ስድስት ጊዜ — 24
5ኛ ዙር፦ 3 ጥልፍ፣ ጭማሪ፤ ስድስት ጊዜ — 30
6ኛ ዙር፦ 4 ጥልፍ፣ ጭማሪ፤ ስድስት ጊዜ — 36
ከ7ኛ እስከ 12ኛ ዙር፦ ያለ ጭማሪ፣ በእያንዳንዱ ላይ አንድ — 36

በየዙሩ ስድስት ብቻ ስለሚጨመር ነው ክቡ ሳይሸበሸብ የሚሰፋው። ጭማሪው ሲቆም ደግሞ ሥራው መስፋቱን ትቶ እንደ ስኒ ወደ ላይ ይቆማል። በቁጥሩ አንድ ጥልፍ ቢጎድል ወይም ቢተርፍ ያንኑ ዙር ተርትራችሁ ድገሙ። ሁለት ዙር አልፋችሁ ካወቃችሁም ተርትሩ። «በሚቀጥለው ዙር አስተካክለዋለሁ» ያልኩበት ዓሣ ነባሪ ሁሉ አንገቱ ጠሟል። የኪሮሽ ደግነቱ እንደ ጨርቅ አንዴ ተቆርጦ የሚባክን ነገር የሌለው መሆኑ ነው፤ ሳብ ስታደርጉት ክሩ እንደነበረ ይመለሳል።

ወደ 6ኛው ዙር ግድም ሥራው መጠቅለል ይጀምራል፤ ብዙ ጊዜም ገልባጣ ሆኖ ይጠቀለላል። ትክክለኛው ፊት በትንንሹ የሹሩባ ጉንጉን የመሰለ ጥልፍ ተደርድሮ የሚታይበት ነው፤ አግድም ሰረዝ ሰረዝ የሚታይበት ውስጠኛው ነው። ሰረዙ ውጭ ከሆነ እንደ ካልሲ ገልብጡት። ኪሮሹ ሁልጊዜ ከውጭ ወደ ውስጥ ይግባ። በቀኝ እጃችሁ የምትሠሩ ከሆነ ሥራው ከቀኝ ወደ ግራ ይሄዳል፤ ግራኝ ከሆናችሁ ሁሉም ነገር እንደ መስተዋት ተገልብጦ ከግራ ወደ ቀኝ ይሆናል፣ ቁጥሩ አይለወጥም።

መቀነስ፣ ፊቱን መሥራት፣ መሙላት

«ቅናሽ» ሁለት ጥልፍን አንድ ማድረግ ነው። የማይታይ ቅናሽ እንዲህ ይሠራል፦ ከሹሩባው ጉንጉን ወደ እናንተ የቀረበውን አንዱን ክር ብቻ በኪሮሹ አንሡ፤ ክር ሳትጠልፉ የሚቀጥለውንም ጥልፍ የፊት ክር አንሡ። ኪሮሹ ላይ ሦስት ቀለበት አለ። አሁን ክር ጥለፉና በፊተኞቹ ሁለት ውስጥ አውጡ፤ እንደገና ጥለፉና በቀሩት ሁለት ውስጥ አውጡ።

13ኛ ዙር፦ 4 ጥልፍ፣ ቅናሽ፤ ስድስት ጊዜ — 30
14ኛ ዙር፦ ያለ ቅናሽ — 30
15ኛ ዙር፦ 3 ጥልፍ፣ ቅናሽ፤ ስድስት ጊዜ — 24
16ኛ ዙር፦ ያለ ቅናሽ — 24

እዚህ ላይ ቁሙ። ኪሮሹ ላይ ያለውን ቀለበት አስረዝማችሁ መርፌ ቁልፍ ሰኩበት፤ እንዳይተረተር።

ዓይኑ አሁን ነው የሚሠራው፤ ቋጠሮው ውስጥ ተደብቆ እንዲቀር። የዓሣ ነባሪ ዓይን ሰዎች እንደሚስሉት ግንባሩ ላይ አይደለም፤ ከአፉ የኋላ ጫፍ አጠገብ፣ ወደ ጎንና ዝቅ ብሎ ነው። ስለዚህ በ8ኛውና በ9ኛው ዙር መካከል፣ በሆድ በኩል በሁለቱ ዓይኖች መካከል 14 ጥልፍ እንዲኖር አድርጋችሁ በስፒል ምልክት አድርጉ። ፊት ለፊት ያዙትና ተመልከቱ፤ አንድ ጥልፍ መዛነፍ ፊቱን ሁሉ ይለውጠዋል። ከዚያ ጥቁር ክር በመርፌ ከውስጥ አውጥታችሁ በአንድ ጥልፍ ስፋት ላይ አራት አምስት ጊዜ እየመላለሳችሁ ስፉ። ነጭ ክር በአንዱ ጠርዝ አንዴ ጣል ካደረጋችሁበት ዓይኑ ያያል።

ሱቅ ውስጥ የሚሸጡ ከኋላ የሚቆለፉ የፕላስቲክ ዓይኖች አሉ። ያምራሉ፤ ግን ከሦስት ዓመት በታች ላለ ልጅ አትጠቀሙባቸው። ልጅ ያኝካል፣ ይጎትታል፣ ክሩ ሲላላ ዓይኑ ተነቅሎ ጉሮሮ ውስጥ ሊገባ ይችላል። ቁልፍና ዶቃም ያው ናቸው።

ጊዜ ካላችሁ በነጭ ክር ሆዱ ላይ ከአገጩ ጀምሮ አምስት ስድስት ረጃጅም መስመር ስፉ። ሰማያዊ ዓሣ ነባሪ ጉሮሮው ላይ እንዲህ ያለ ሽንትር አለው፤ ውኃ ሲጎርስ ይለጠጥበታል። ለትንሽ ልጅ ከሆነ መስመሩን አሳጥሩ፣ ጣት የሚገባበት ልል ክር አይኑር።

አሁን ሙሉት። ፋይበሩን በእጃችሁ ዘርዝራችሁ፣ እፍኝ ሳይሆን ቆንጥር ቆንጥር እያላችሁ፣ ከአፍንጫው ጀምራችሁ ዙሪያውን ወደ ግድግዳው አስጠጉ፤ መሐሉን በኋላ ሙሉት። አንድ ላይ ጠቅልላችሁ ብትከቱት ውስጡ ኳስ ሆኖ ይቀመጥና ጉንጮቹ ባዶ ይቀራሉ። በጣት ስትጫኑት ተመልሶ ከተነሣ ይበቃል። በጥልፎቹ መካከል ነጭ ፋይበር መታየት ከጀመረ አብዝታችኋል፤ ቀንሱ።

17ኛ ዙር፦ 2 ጥልፍ፣ ቅናሽ፤ ስድስት ጊዜ — 18
18ኛ ዙር፦ ያለ ቅናሽ — 18
19ኛ ዙር፦ 1 ጥልፍ፣ ቅናሽ፤ ስድስት ጊዜ — 12
20ኛ ዙር፦ ያለ ቅናሽ — 12

የቀረውን ሙሉ፤ ወደ ጅራቱ ግን ላላ ይበል። ለመግፋት የእርሳስ ጀርባ ይረዳል።

21ኛ ዙር፦ ስድስት ቅናሽ — 6

ክሩን አንድ ስንዝር አስተርፋችሁ ቁረጡና በመጨረሻው ቀለበት ውስጥ አውጡት። መርፌ ላይ አስገብታችሁ በስድስቱ ጥልፎች የፊት ክር ውስጥ በየተራ አሳልፉ፣ ሳቡ፤ ቀዳዳው እንደ ከረጢት አፍ ይሰበሰባል። ገላው ብቻውን 10 ሳንቲ ሜትር ግድም ይሆናል፤ የእጃችሁ ጥብቀት ትንሽ ያሳጥረዋል ወይም ያስረዝመዋል።

ክንፍና ጅራት

ክንፎቹ ሁለት ናቸው። 1ኛ ዙር ሸምቀቆ ውስጥ 6፤ 2ኛ ዙር 1 ጥልፍና ጭማሪ ሦስት ጊዜ፣ 9፤ 3ኛና 4ኛ ዙር 9። ሁለት ስንዝር ክር አስቀርታችሁ ቁረጡ። አይሞላም፤ በጣት ጠፍጥፉት።

ጅራቱ ሁለት ቅጠል ነው። አንዱ እንዲህ ይሠራል፦ 6፤ ከዚያ 1 ጥልፍና ጭማሪ ሦስት ጊዜ፣ 9፤ 2 ጥልፍና ጭማሪ ሦስት ጊዜ፣ 12፤ አንድ ዙር 12 ያለ ለውጥ፤ 2 ጥልፍና ቅናሽ ሦስት ጊዜ፣ 9፤ 1 ጥልፍና ቅናሽ ሦስት ጊዜ፣ 6። ይህም አይሞላም። ሁለተኛውን ልክ እንደዚሁ ሥሩ። በእንዲህ ያለ ትንሽ ክብ ውስጥ መሥራት ጣት ያጣብባል፤ ከገላው ይልቅ እዚህ ላይ ነው የምነጫነጨው።

ስፌቱ ላይ አብዛኛው ሰው የሚሳሳተው ጅራቱን ነው። የዓሣ ጅራት ቀጥ ብሎ የቆመ ነው፣ ግራና ቀኝ ይወዛወዛል። ዓሣ ነባሪ ግን ዓሣ አይደለም፤ ልጁን የሚያጠባ፣ አየር ለመሳብ ወደ ላይ የሚወጣ እንስሳ ነው፤ ጅራቱም ጠፍጣፋ ተኝቶ ወደ ላይና ወደ ታች ይመታል። ስለዚህ ገላውን ሆዱ ወደ ታች አድርጋችሁ ጠረጴዛ ላይ አስቀምጡና ሁለቱን ቅጠሎች እንደ ጠረጴዛው አግድም፣ ክፍት ጫፎቻቸውን ጎን ለጎን አገናኝታችሁ በገላው ጫፍ ላይ በስፒል ያዙ። ቀጥ አድርጋችሁ ከሰፋችሁት የሠራችሁት ወፍራም ዓሣ ነው።

ክንፎቹ ከዓይኑ ጀርባ፣ በ11ኛውና በ12ኛው ዙር ላይ፣ ከዓይኑ ትንሽ ዝቅ ብለው ይሰካሉ። ሁሉንም በስፒል ይዛችሁ ክንድ ያህል ራቁና እዩት፤ ከተስተካከለ በኋላ ብቻ ስፉ። መርፌዋ አንዴ ከገላው አንድ ጥልፍ፣ አንዴ ከክንፉ ጠርዝ እያነሣች ትሂድ፤ ዙሪያውን ስትጨርሱ ለጥንካሬ ሁለተኛ ዙር ድገሙ። ስፒሎቹን ስታስገቡም ስታወጡም ቁጠሩ። አንድ ቢጎድል ውስጥ ገብቷል፣ ልጅ እጅ አይግባ።

የተረፈውን ክር ቋጥራችሁ አትቁረጡ ብቻ። መርፌዋን በገላው መሐል አሳልፋችሁ በሌላ በኩል አውጡ፣ አቅጣጫ ቀይራችሁ እንደገና መልሱ፣ ከዚያ ክሩን ሳብ አድርጋችሁ ከሥሩ ቁረጡ፤ ጫፉ ወደ ውስጥ ይሰምጣል። በመጨረሻም እያንዳንዱን ክንፍ ያዙና በደንብ ጎትቱ፤ ልጁ ከእናንተ የበለጠ ይጎትታል።

ሲቆሽሽ ለብ ባለ ውኃና በጥቂት ሳሙና በእጅ ይታጠባል። አትጠምዝዙት፤ በፎጣ ጠቅልላችሁ ተጫኑትና አየር በሚገባበት ጥላ ላይ አስጡት። ከጥቅሉ የተረፈችውን ክር እንደተጠቀለለች አስቀምጡ። የእህቴ ልጅ ሁለተኛውን ዓሣ ነባሪ አፉ ውስጥ ይዞ ስለሚተኛ የግራ ክንፉን እስካሁን ሁለት ጊዜ መልሼ ሰፍቻለሁ፤ ያንኑ ሰማያዊ ሱቅ ሄጄ ላግኝ ብል ኖሮ አንዱ ክንፍ ሌላ ቀለም ይሆን ነበር።